ራሷ ከራሷ ጋር የምትጫወት አገር፦ ስለ እንግሊዝ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

በጁን 2021 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ እንግሊዝና ስኮትላንድ ዌምብሌይ ተገናኙ። እኛ ሰፈር ኳስ የሚታይበት ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት ማኪያቶአቸውን እያማሰሉ ጠየቁ። «ስኮትላንድ ያው እንግሊዝ አይደለችም እንዴ? ራሷ ከራሷ ጋር ትጫወታለች?» ጎረምሶቹ ሳቁ። ግን አጥርቶ የመለሰላቸው የለም። አንዱ «ክልል ናት» አለ። ሌላው «ኧረ ራሷን የቻለች አገር ናት» አለ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ክርክሩም እንደዚያው።

የሚገርመው ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለ እንግሊዝ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛው እንዲህ ነው። ስሙ አንድ ነገር ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ንጉሥ አለ፣ አይገዛም። «የሕዝብ» የሚባል ትምህርት ቤት አለ፣ የሚማርበት የሀብታም ልጅ ነው። እንግሊዞች አሮጌ ቤት አፍርሰው አዲስ መሥራት አይሆንላቸውም። ውጩን እንዳለ ትተው ጓዳውን ነው የሚቀይሩት። ይህን ከያዝን ብዙው ነገር ይፈታል።

እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን አቆጣጠር የተቀበሉት ግን በግድ ነው። እሱን ቆይተን እናያለን።

እንግሊዝ፣ ብሪታንያ፣ ዩናይትድ ኪንግደም፤ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በአማርኛ ሁሉንም «እንግሊዝ» ማለት ስለለመድን ነው የሚምታታብን።

አንድ ሰፊ ግቢ አስቡ። ግቢው ውስጥ አራት ቤቶች አሉ፤ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ። የውጭ በሩ አንድ ነው፣ ቆጣሪው አንድ ነው፣ ዘበኛውም አንድ ነው። ፓስፖርቱ፣ ፓውንዱና ጦሩ የጋራ ነው ማለት ነው። ግቢው ዩናይትድ ኪንግደም ይባላል። ታላቋ ብሪታንያ ደግሞ የደሴቲቱ ስም ናት፤ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ያሉባት። ሰሜን አየርላንድ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ደሴት ላይ ናት።

ቤቶቹ በስፋት አይመጣጠኑም። በ2021 ቆጠራ እንግሊዝ ውስጥ 56.5 ሚሊዮን ሰው ነበር። የመላው ግቢ ሕዝብ ያኔ 67 ሚሊዮን ግድም ነበር። ስለዚህ የውጭ ሰው ግቢውን በትልቁ ቤት ስም ቢጠራ አይፈረድበትም። ኤድንብራ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ «እናንተ እንግሊዞች» ብትሉ ግን ሹፌሩ በመስታወቱ አፍጥጦ ያያችኋል።

እንዴት አንድ ግቢ ውስጥ ገቡ? ዌልስ በጦር ተያዘች፣ በ1283። በ1536 ደግሞ በሕግ ከእንግሊዝ ጋር ተቀላቀለች። የስኮትላንድ ግን ሌላ ነው። በ1603 ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትተካ ሞተች። ዘውዱ ለዘመዷ፣ ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ደረሰ። ሁለት አገር በአንድ ንጉሥ እንዲህ ሆነው መቶ ዓመት ያህል ቆዩ። በ1707 ፓርላማቸውን አንድ አደረጉ። ስኮትላንድ ስትገባ ግን ባዶ እጇን አልገባችም። ሕጓን፣ ፍርድ ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን ይዛ ገባች። እስከ ዛሬም የራሷ ናቸው። በ2014 «እንውጣ ወይስ እንቆይ» ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ 55 በመቶው እንቆይ አለ። አየርላንድ በ1801 ተጨመረች፣ በ1922 አብዛኛዋ ወጣች፣ ሰሜኑ ቀረ።

አሁን ወደ ኳሱ። በዓለም የመጀመሪያው የአገር ለአገር ግጥሚያ የተደረገው በኖቬምበር 30፣ 1872 ግላስጎ ውስጥ ነው። ተጋጣሚዎቹ? ስኮትላንድና እንግሊዝ። ውጤቱ? 0 ለ 0። ፊፋ የተመሠረተው በ1904 ነው። ዳኛው ሳይመጣ ሜዳው ላይ የነበሩትን ማን «ተቀላቀሉና አንድ ሁኑ» ይላቸዋል? እንደተለያዩ ቀሩ። ኦሎምፒክ ላይ ግን በአንድ ባንዲራ ነው የሚሰለፉት።

ንጉሡ ካልገዛ ምን ይሠራል?

ይህ ለእኛ ከበድ ይላል። ንጉሥ ሲባል የሚመጣብን የሚሾም፣ የሚሽር፣ የሚፈርድ ሰው ነው። ቻርልስ ሦስተኛ በሴፕቴምበር 2022 ነገሡ፤ እናታቸው ሁለተኛዋ ኤልሳቤጥ 70 ዓመት ነግሠው ሲያርፉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር በእጃቸው ነው። ያለ እሳቸው ይሁንታ ሕግ አይጸድቅም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት እሳቸው ናቸው። ጦሩ የሚምለው ለእሳቸው ነው።

ሽምግልና አስቡ። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። ልጅቷ እሺ ብላለች፣ እናት ተስማምታለች፣ አንዳንዴማ አዳራሽ ሳይቀር ተይዟል። ያም ሆኖ አያት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከፊት ተቀምጠው «ሰጥተናል» ካላሉ አልተፈጸመም። አያት እምቢ ቢሉስ? አይሉም። እንደማይሉ ሁሉም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የእንግሊዝ ንጉሥ እኚህ አያት ናቸው። ፓርላማው ላጸደቀው ሕግ ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለችው ንግሥት አን ናት፣ በ1708። እሷም ሚኒስትሮቿ መክረዋት ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ፓርላማ በሚከፈትበት ቀን ነው። ንጉሡ ዘውድ ጭነው ዙፋን ላይ ይቀመጡና «መንግሥቴ ይህን ያደርጋል» እያሉ ያነባሉ። የሚያነቡትን የጻፈላቸው መንግሥት ነው። አንዲት ቃል ጨምረው ወይ ቀንሰው አያውቁም።

ከንባቡ በፊት ያለው ትርኢት ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ንጉሡ የሚቀመጡት በላይኛው ምክር ቤት ነው። የተመረጡት እንደራሴዎች ያሉት በታችኛው። እነሱን የሚጠራ መልእክተኛ ይላካል፤ በሚይዘው ጥቁር በትር ስም «ብላክ ሮድ» ይባላል። መልእክተኛው በሩ ጋ ሲደርስ በሩ ፊቱ ላይ ድርግም ይደረጋል። ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ ነው። በበትሩ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ያኔ ይከፈትለታል።

ለምን? በ1642 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አምስት እንደራሴዎችን ሊያስር ወታደር አስከትሎ እዚያ ምክር ቤት ገባ። ሰዎቹ ቀድመው አምልጠዋል። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። ንጉሡ ተሸነፈ። ጃንዋሪ 30፣ 1649 ለንደን ውስጥ፣ ሕዝብ እያየ፣ አንገቱን ተቀላ። እንግሊዝ 11 ዓመት ያለ ንጉሥ ኖረች። በ1660 ልጁን ጠርተው አነገሡት። በ1689 ደግሞ ዙፋኑን በሕግ አሰሩት፤ ነጋሢ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር አይጥል፣ በሰላም ጊዜ ጦር አያቁም፣ ሕግ አያግድ። ዙፋኑ ቀረ፣ ሥልጣኑ ግን ተሻግሮ ሄደ። በሩ የሚዘጋው ይህን ለማስታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ነጋሢ በታችኛው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ አልገባም።

ሌላም አለ። ንጉሡ ፓርላማ ሄደው እስኪመለሱ አንድ እንደራሴ በቤተ መንግሥት መያዣ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ ሻይ ቀርቦለት ነው የሚጠብቀው። በዚያው ጠዋት የቤተ መንግሥት ዘበኞች ፋኖስ ይዘው የፓርላማውን ምድር ቤት ይፈትሻሉ። በ1605 ጋይ ፎክስ የሚባል ሰው 36 በርሜል ባሩድ እዚያ ደብቆ ስለተያዘ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ማታ በመላ አገሪቱ እሳት የሚነደውና ርችት የሚተኮሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ሕገ መንግሥት የላቸውም» የሚባለውስ? ተጽፏል፣ አንድ ላይ አልተጠረዘም እንጂ። የ1215ቱ ማግና ካርታ አንድ ቅጠል ነው፣ የ1689ኙ ሕግ ሌላ። በ1911 የላይኛውን ምክር ቤት ሥልጣን የቀነሰው ሕግም አለ። የቀረው ልማድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የብዙኃኑ ድጋፍ ካጣ ይለቃል፣ ንጉሡ ፖለቲካ አይናገሩም። ይሉኝታ አገር ሲያስተዳድር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስቀኝ ሳንቲሙ ነው። የእንግሊዝ ሳንቲም በእጃችሁ ከገባ የንጉሡ ምስል ዙሪያ «ኤፍ ዲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ፈልጉ። የላቲን ምህጻር ነው፤ «የሃይማኖት ጠበቃ» ማለት። ማዕረጉን በ1521 ለንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የሰጡት የሮማው ጳጳስ ናቸው። ሄንሪ ማርቲን ሉተርን የሚቃወምና ለካቶሊክ የሚከራከር መጽሐፍ ስለጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄንሪ ሚስቱን ካትሪንን መፍታት ፈለገ። ጳጳሱ እምቢ አሉ። በ1534 ከሮም ተገነጠለና ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ማዕረጉንስ መለሰ? ጳጳሱ ነጠቁት፣ ፓርላማው መልሶ ሰጠው። ይኸው 500 ዓመት፣ ከሮም የተለየች ቤተ ክርስቲያን የበላይ የሆነ ንጉሥ ሮም ባወጣችለት ስም ይጠራል።

ድሮም ሻይ ጠጪ ነበሩ?

አልነበሩም። የቀደመው ቡና ነው።

ከእኛ ምድር የወጣው ቡና በየመንና በቱርኮች በኩል ዞሮ ለንደን ሲደርስ የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ተከፈተ። አንድ ፔኒ የከፈለ ገብቶ፣ ሲኒውን ይዞ፣ ጋዜጣ እያነበበ መከራከር ይችል ነበር። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጸሐፊው፣ መርከበኛው የየራሱ ቡና ቤት ነበረው። ወሬው ንጉሡን አስፈራ። በ1675 መጨረሻ ቻርልስ ሁለተኛ ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ አወጀ። ከተማው ተንጫጫ። አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል ተሳበ። የመርከብ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ደግሞ ቀስ በቀስ ለመርከብ ኢንሹራንስ የሚገባበት ገበያ ሆነ። ዛሬ ሎይድስ በዓለም ከታወቁት የኢንሹራንስ ገበያዎች አንዱ ነው። ስሙ የቡና ቤቱ ባለቤት ስም ነው።

ሻይን ፋሽን ያደረገችው በ1662 ቻርልስ ሁለተኛን ያገባችው የፖርቱጋሏ ካትሪን ናት። መጀመሪያ የባለጠጋ መጠጥ ነበር። ቀረጡ አይቀመስም፤ ከ100 በመቶ ያልፍ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው በኮንትሮባንድ ነው የሚገባው። በ1784 መንግሥት ቀረጡን ወደ 12.5 በመቶ ሲያወርደው ኮንትሮባንዲስቱ ሥራ ፈታ፣ ሻይም በየጎጆው ገባ። ኋላ በቅኝ ግዛቷ በሕንድ፣ አሳም ውስጥ ተተከለና ረከሰ። ስኳሩ የሚመጣው ካሪቢያን ላይ ባሮች ከሚያለሙት አገዳ ነበር። አንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ግማሽ ዓለም አለ።

የዛሬው ሻይ ግን ወግ የለውም። እኛ አቦል ቶና በረካ ብለን እንቀመጣለን። እነሱ ማንቆርቆሪያውን ይሰኩታል፣ ከረጢቱን ኩባያ ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፣ ወተት ጠብ ያደርጋሉ፣ አለቀ። ሰው ሲሞት ውሃ ይጣዳል። ከሥራ ሲባረር ውሃ ይጣዳል። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛም ሻይ ይቀርብለታል፤ ካልቀረበለት ደስ አይለውም።

አንድ ምክር። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ማንችስተር ወይ ሊድስ፣ «ለሻይ ና» ካሏችሁ በልታችሁ አትሂዱ። እዚያ «ሻይ» የሚሉት እራትን ነው። ለንደን ሆቴል ውስጥ «የከሰዓት ሻይ» ሲባል ደግሞ ትናንሽ ሳንድዊችና ኬክ ነው፣ ዋጋውም እራት ያበላል።

ፐብ ማለት ቡና ቤት ነው?

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ጠላ ቤት ነው። ፐብ የሚለው ቃል «ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት» የሚለው አጠራር ምህጻር ነው። ነገሩም በቤት ነው የጀመረው። በመካከለኛው ዘመን ጠማቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ጠምቀው ሲደርስላቸው እንጨት ከደጃፍ ያቆማሉ፣ ጫፉ ላይ ቅጠል ያስራሉ። መንገደኛው አይቶ ይገባል። እኛ እንጨት ላይ ጣሳ እንደምንደፋው። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ጠማቂ ሁሉ ምልክት ይስቀል ብሎ አዘዘ። ብዙው ሰው ማንበብ ስለማይችል ምልክቱ ሥዕል ሆነ። ቀይ አንበሳ፣ ነጭ ፈረስ፣ ዘውድ። ዛሬም የፐቦች ስምና ሥዕል ይኸው ነው።

የጥንቱ መጠጣቸው «ኤል» ይባላል፣ ጌሾ የለውም ነበር። የእነሱ ጌሾ ሆፕስ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ የተለመደው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ የሚቀዳው በፓይንት ነው፤ 568 ሚሊ ሊትር። ወደ ባንኮኒው ሄደው ራሳቸው ያዛሉ፣ እዚያው ይከፍላሉ። አስተናጋጅ ይመጣል ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ጉሮሯችሁ ደርቆ ትወጣላችሁ።

ዋናው ሕግ ዙር ነው። አራት ሆናችሁ ከገባችሁ አንዱ ለአራቱም ይገዛል፣ ሲያልቅ ሁለተኛው ይነሣል። እኛ ዘንድ ሒሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ ተያይዘን «እኔ ልክፈል» እንታገላለን። እነሱ አይታገሉም፣ ይቆጥራሉ። ተራው ሲደርስ ስልክ የሚደወልለት ሰው በሌላ ቀን አይጠራም።

የግብር ዓመታቸው ለምን ኤፕሪል 6 ይጀምራል?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ዘመዴ ነው። «ጃንዋሪ 1 አይሉ፣ ኤፕሪል 1 አይሉ፣ 6 ምን ይሉታል?» አለኝ። መልሱን ከማንም ፈጥኖ የሚገባው ሐበሻ ይመስለኛል።

እንግሊዞች እንደ እኛ በአሮጌው፣ በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር የሚሄዱት። በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ አንድ ቀን ይጨመራል። የእኛ ጳጉሜ 6 እንደምትሆነው። ችግሩ ፀሐይ እንደዚያ አትቆጥርም። በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። 11 ደቂቃ ምንም አይደለም፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ሙሉ ቀን ነው። በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን አስዘልለው አስተካከሉት። እንግሊዝ ያኔ ከሮም ተጣልታለች። ከጳጳስ ጋር ከመስማማት ከፀሐይ ጋር መጣላት መረጠች። 170 ዓመት እምቢ አለች።

በመጨረሻ ንግዱ አልሆን አላት። ፓሪስና ለንደን ቀናቸው እየተለያየ ደብዳቤ ሁሉ ሁለት ቀን ይጻፍበት ነበር። በ1752 ፓርላማው ወሰነ። እሮብ ሴፕቴምበር 2 ማታ ሰው ተኛ። ሲነጋ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 ነው። 11 ቀን የለም። «ሕዝቡ ቀናችንን መልሱ ብሎ አመፀ» የሚባለውን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም፤ የመጣው ከአንድ የቀልድ ሥዕል ነው ይላሉ። አንዳንድ ቦታ ግን ሰዉ በአሮጌው ቀን ገናን ማክበሩን አልተወም። ይህን ማንም ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሌላም ነገር ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት ማርች 25 ነበር። እመቤታችን በመልአኩ የተበሰረችበት በዓል ነው። ስለዚህ የንጉሥ ቻርልስ አንገት በጃንዋሪ ሲቀላ ሰዎቹ በመዝገብ የጻፉት 1648 ብለው ነው። አዲሱ ዓመት ገና አልገባም ነበር። የቤት ኪራይም ሒሳብም የሚዘጋው በማርች 25 ነው። 11 ቀን ሲዘለል ታዲያ መንግሥት የ11 ቀን ግብር ማጣት አልፈለገም። ቀኑን በ11 ገፋው። ማርች 25 ላይ 11 ሲደመር ኤፕሪል 5። ዛሬ ኤፕሪል 6 ነው፤ ስለ አንዷ ቀን እስካሁን ይከራከራሉ።

አሁን የራሳችንን የቀን መቁጠሪያ አውጡ። ብስራቱ፣ ትስብእቱ፣ በእኛ መጋቢት 29 ነው። ታኅሣሥ 29 ልደት፣ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ። የእንግሊዞች የድሮ አዲስ ዓመት ማለት ይህችው ቀን ናት። ኤፕሪል 6 ደግሞ መጋቢት 28 ላይ ይውላል። ዘመዴ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ አዲስ መዝገብ የሚከፍተው በዋዜማው ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለና «ታዲያ ለምን አያዘክሩበትም?» አለኝ።

ትናንሽ ጥያቄዎች

እርግጥ ሁልጊዜ ይዘንባል? የለንደን የዓመት ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የአዲስ አበባው የዚህ እጥፍ ያህላል። ልዩነቱ የእኛ ወቅት ጠብቆ ይወርዳል፣ የእነሱ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል። የሚከብደው ዝናቡ ሳይሆን ጨለማው ነው። በዲሴምበር ለንደን ላይ በእኛ አነጋገር 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። በጁን ደግሞ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን አለ፣ ልጅ ማስተኛት ጣጣ ነው።

ለምን በግራ ይነዳሉ? በ1835 ሕግ ሆኖ ስለጸና። እኛም እስከ 1964 በግራ ነበር የምንነዳው፣ ኋላ ወደ ቀኝ ተሻገርን።

ሽልንግ የእነሱ ነው? አዎ። እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ ነበር። ሕፃን ልጅ መደመር የሚማረው እያለቀሰ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እስከ 1945 አገራችን ውስጥ ይሠራበት ነበር። እነሱ ቃሉን ትተውታል፣ እኛ ግን 50 ሳንቲሟን «ሽልንግ» ስንል ኖርን።

ሁለቱ ቧንቧ? እህቴ የተከራየችው አሮጌ ቤት ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ግራ ላይ የሚያቃጥል፣ ቀኝ ላይ የሚያደነዝዝ ውሃ ነበረው። እጄን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለስኩ ታጠብኩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው በቀጥታ ከመንገድ መስመር ይመጣል፣ ይጠጣል። ሙቁ ጣሪያ ሥር ካለ ሮቶ ነበር የሚወርደው። ሮቶ ውስጥ ምን እንደገባ አይታወቅምና ሁለቱ እንዳይነካኩ ተለያዩ። ሮቶው በብዙ ቤት ቀርቷል፣ ቧንቧዎቹ ግን አሉ።

«ፐብሊክ ስኩል»ስ? ቃሉ «የሕዝብ» ይላል፣ በዓመት ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያስከፍለውን ኢተንን የመሰለ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ኢተንን በ1440 ሄንሪ ስድስተኛ ሲመሠርተው ለ70 ድሃ ተማሪዎች ነበር። «የሕዝብ» የተባለውም ከየትኛውም አካባቢ የመጣ ልጅ ስለሚገባበት ነው። 20 ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከዚያ ወጥተዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሌላ ስም አለው።

ታቦታቱንስ ለምን አይመልሱም?

ሐበሻ ስለ እንግሊዝ ተጀምሮ እዚህ ሳይደርስ አያቆምም። በሚያዝያ 1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። የተዘረፈውን ለማውረድ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ከዚያ ውስጥ 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም። የሙዚየሙ ሠራተኞች ሳይቀሩ አያዩአቸውም፣ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል።

«ንጉሡ ለምን አያዙም?» የሚል አለ። ከላይ እንዳየነው አያት አያዙም። ውሳኔው የሙዚየሙ ባለአደራዎች ነው። እነሱ ደግሞ የ1963ቱን ሕግ ይጠቅሳሉ። ሕጉ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። ከእነዚያ ሁኔታዎች አንዱ ዕቃው በሙዚየሙ ለመያዝ የማይገባ ሆኖ ሲገኝ ነው። የእኛ ተከራካሪዎች የያዙት ይህችን ቀዳዳ ነው። ሊታይ፣ ሊጠና፣ ሊነካ የማይችል ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? ከዚያ ውጭ ሕጉን መቀየር የሚችለው ፓርላማው ብቻ ነው። በዚህ ሕግ ያልታሰሩት ተንቀሳቅሰዋል። ሌላ ሙዚየም በ2019 የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል። ዌስትሚንስተር አቢ የተባለው የለንደን ቤተ ክርስቲያን በ2024 ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል።

ከመቅደላ የተወሰደው ግን ዕቃ ብቻ አልነበረም። ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በ18 ዓመቱ፣ በ1879፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም፤ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን ይናገራል። ከሥሩ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደች አንዲት መስመር ተቀርጻለች፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ»።